ጀርባ የተሰጠው ሜዳ

እንቅልፍ እምቢ ብሎታል። እሑድ ነው፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ሊሆን ነው፣ በመጋረጃው ላይ ብርድ ልብስ ደርቦ ሰቅሏል፣ ብርሃኑ ግን በዳርና በዳሩ እየሾለከ እግሩ ድረስ ይመጣል፤ ሌሊቱን ሙሉ የሆስፒታል አንሶላ ሲያጥብ ያደረ ሰው በዚህ ሰዓት እንደ ግንድ መጋደም ነበረበት፣ ኤጄታ ግን ጣሪያውን ያያል፣ ጣሪያውም እሱን ያያል። እውነቱን ለመናገር እሑድ እሑድ መተኛት ከተወ አራት ዓመቱ ነው። እሑድ የጨዋታ ቀን ነው። ባለፉት አራት ዓመታት መኸሩ በገባ ቁጥር በዚህ ሰዓት ከቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጦ፣ ዳቦ በእጁ ይዞ፣ ብቻውን እየጮኸ፣ የታችኛው ቤት ሴትዮ በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያዋን እስክትደበድብ ድረስ ነበር የሚያየው። ዛሬ ያንኑ ጣቢያ ከፈተ፤ አንድ ሽማግሌ ጀልባ ላይ ተቀምጦ ዓሣ ያጠምዳል። ድምፅ የለም፣ ውሃው አይንቀሳቀስም፣ ሽማግሌውም አይንቀሳቀስም። ኤጄታ አሥር ደቂቃ ጠበቀ፤ ዓሣ አልመጣም፤ ዘጋው። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይሉ የለ እናቱ፤ የ1980 መስከረም ጉድ ይኸው ሆነ፤ ተጫዋቾቹ አድማ መቱ፣ አንጫወትም አሉ።

እዚህ አገር እግር ኳስ ይሉታል እንጂ እግር ኳሱን የሚነካው አልፎ አልፎ ነው፤ በእጅ ይዘው ይሮጣሉ፣ ይጋጫሉ፣ ይወድቃሉ፣ ራሳቸው ላይ ድስት የሚያህል የብረት ቆብ ደፍተዋል። መጀመሪያ ጊዜ ሲያይ አመያ ገበያ ላይ የተጣሉ በሬዎች መስለውት ስቆ ነበር። ያሳየው ሌስተር ነው፣ በልብስ ማጠቢያው ቤት አብሮት የሚሠራው ጠይም ሽማግሌ፤ በብረት ፋብሪካ ሠላሳ ዓመት ሠርቶ ፋብሪካው ሲዘጋ ወደዚህ የመጣ፤ ኤጄታ በሱዳን አልፎ፣ የማያውቀው ሐይቅ ዳር ያለች የማያውቃት ከተማ ውስጥ ሲጣል፣ ሰላም ያለው የመጀመሪያው ሰው እሱ ነበር። በበረዶ ቀን ወስዶ ሰማንያ ሺህ ሰው መሃል አስቀመጠው፣ በጆሮው እየጮኸ ሕጉን አስተማረው፤ የዚያን ቀን ኤጄታ አንድ ሯጭ አየ፣ አጭር፣ ደረቱ ሰፊ፣ ሦስት ሰው እላዩ ላይ ተንጠልጥሎ የሚሮጥ፣ ወድቆ ሲነሳ የማንንም እጅ የማይዝ። ያን ሯጭ ወደደው። የሚያውቀው ዘመድ በሌለበት አገር ሰው ከሩቅም ቢሆን አንድ ሰው መውደድ አለበት። አሁን ያ ሯጭ መንገድ ዳር ሰሌዳ ይዞ ቆሟል። ውላችን ሲያልቅ ወደ ፈለግነው ቡድን እንሂድ ነው ጥያቄያቸው፤ ኤጄታ ጋዜጣውን መዝገበ ቃላት አጠገቡ አድርጎ ሁለቴ አንብቦ ተናደደ። ምን ጎደለባቸው? በሮጠ ቁጥር ሰማንያ ሺህ ሰው ስሙን የሚጠራለት ሰው ምን ጎደለበት? እኔ ሌሊት የበሽተኛ አንሶላ የማነሳው እሑድን ብዬ አይደለም ወይ? እሑዴን ማን ሰጣቸው የሚወስዱት?

ይህንኑ ለሌስተር ነገረው። ሌስተር ከማድረቂያው የሚወጣውን ትኩስ አንሶላ አንዱን ጫፍ ይዞ፣ ሌላውን ጫፍ ለኤጄታ ሰጥቶ፣ እያጠፉ፣ «እነዚህ ሰዎች ጉልበታቸው ከሠላሳ ዓመት ዕድሜ አያልፍም፤ የተሰበሩ ቀን ማን ያውቃቸዋል?» አለው። ከዚያም፣ «በሚቀጥለው እሑድ የቡድኖቹ ባለቤቶች ሌላ ሰው ከየመንገዱ ለቅመው፣ ያንኑ ልብስ አልብሰው ሊያጫውቱ ነው አሉ። ያንን ብታይ እኔን አታናግረኝ» አለ። በአድማ ጊዜ ገብቶ የሚሠራን ሰው እዚህ አገር እከክ ይሉታል። ሌስተር ቃሏን ቀስ ብሎ፣ እንደ ስድብ ሳይሆን እንደ በሽታ ስም፣ ተናገራት። አንሶላው ከኤጄታ እጅ ወደቀ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእሑድ ውጭም እንቅልፍ ጠፋ። ዓይኑን ሲጨፍን አምቦ ነው፤ ሚያዝያ ነው፣ 1966 ነው፣ ኤጄታ የሃያ ዓመት ጎረምሳ ነው፣ በግራዝማች ወሰኑ የኑግ ዘይት መጭመቂያ ሚዛን ላይ ተቀምጦ የሚገባውን ኑግ ይመዝናል፤ እጁም ፀጉሩም ዘይት ይሸታል። ግራዝማች የእግር ኳስ ቡድን አላቸው። ተጫዋቾቹ ሁሉ የመጭመቂያው ሠራተኞች ናቸው፣ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ጆንያ ይሸከማሉ፣ እሑድ የግራዝማችን አረንጓዴ ልብስ ለብሰው ከእንጭኒ፣ ከጌዶ፣ ከአዲስ ዓለም ጋር ይጋጠማሉ፤ ለጨዋታው የሚቆረጥላቸው አበል አለ፣ ካሸነፉ በግ አለ። ኤጄታ ተጫዋች አይደለም። ደጋፊ ነው። ዓብዲሳ የሚባለው የግራ ክንፍ ኳስ ሲይዝ ከመስመሩ ውጭ አብሮት የሚሮጥ፣ ጉዩ የሚባለው በረኛ ሲዘል ከመሬት አብሮት የሚነሳ ደጋፊ ነው፤ ሰኞ ጠዋት ሚዛኑ ላይ ሆኖ የእሑዱን ጨዋታ ለገበሬዎቹ በኦሮምኛም በአማርኛም የሚተርከው እሱ ነው፣ ገበሬዎቹም ኑጋቸውን ረስተው ይሰማሉ።

ያኔ ከጌዶ ጋር ሲጫወቱ ጉዩ ከኳሱና ከጌዶው አጥቂ መሃል ገባ፤ ድምፁን ኤጄታ ከመስመር ዳር ሆኖ ሰምቶታል፣ ደረቅ እንጨት በጉልበት ሲሰበር የሚሰማ ድምፅ፤ የጉዩ እግር ከጉልበቱ በታች ወደማይታጠፍበት ታጠፈ። ወጌሻ አሰረለት። በሳምንቱ ግራዝማች ስሙን ከደመወዝ መዝገቡ አስፋቁት፤ በእሑድ ለተሰበረ እግር በሰኞ አልከፍልም አሉ። ዓብዲሳም ተነሳ። አገሩ ሁሉ ሥራ የሚያቆምበት ዓመት ነው፣ መምህሩም ታክሲ ነጂውም፤ ዓብዲሳ የቀሩትን ዘጠኝ ሰብስቦ፣ «ጉዩ ወደ ሥራው እስኪመለስ አንጫወትም» አለ። ግራዝማችም ከእንጭኒ በታች ካለው መሬታቸው በጭነት መኪና ጎረምሶች አስመጡ፤ አንድ ሰው ጎደለ፤ ወደ ሚዛኑ መጡ፤ ጥላቸው መጀመሪያ መጣ፣ ከዚያ እሳቸው። «አንተ ኳስ ትወዳለህ አሉ።» እወዳለሁ አለ ኤጄታ። «የዓብዲሳን ልብስ ልበስ።» ምን ይል ነበር? አሁን በዚህ ጣሪያ ሥር ሆኖ መቶ መልስ ያውቃል። ያኔ ግን፣ ይህንን ለማንም አልተናገረም፣ በዓብዲሳ ተናዶ ነበር። የአዲስ ዓለምን ጨዋታ ከዓመት እስከ ዓመት ጠብቆ፣ ለአንድ ሰው እግር ተብሎ ጨዋታ ይቀራል? ልብሱን ተቀበለ። ሲለብሰው ሰፍቶታል፤ ብብቱ ላይ የዓብዲሳ ላብ ነበረ፣ የደረቀ፣ ጨው የሆነ።

ሜዳው ላይ ሕዝቡ እንደ ወትሮው ሞልቷል። አድመኞቹ አሥሩ በመስመሩ ዳር ተሰለፉ፤ ፊሽካ ሲነፋ አንድ ቃል ሳይናገሩ ጀርባቸውን ለሜዳው ሰጡ። ኤጄታ ይሮጣል፣ አረንጓዴ ልብስ የለበሱት የማያውቃቸው ጎረምሶች ስሙን ስለማያውቁ «አንተ! አንተ!» እያሉ ይጠሩታል፣ በእያንዳንዱ ሩጫ መጨረሻ ቀና ሲል የጀርባዎቹ ቁጥር ጨምሯል። መጀመሪያ አሥር ነበሩ። ከዚያ ከአድመኞቹ አጠገብ የቆሙት ልብስ ሰፊዎች ዞሩ። ከዚያ ነጋዴዎቹ፣ ከዚያ ሴቶቹ። ከዕረፍት በኋላ በሜዳው ዙሪያ አንድም ፊት አልነበረም። ሰው አልሄደም፤ ቆሟል፤ ግን ጀርባ ብቻ ነው፣ ጋቢ፣ ኮት፣ ነጠላ፣ የሕፃን አንቀልባ። ያ ሁሉ ሰው ቆሞ ትንፋሹ አይሰማም። የኳሱ ድምፅ ብቻ አለ፣ ዱብ፣ ዱብ፣ እንደ ባዶ ቤት በር። ያን ቀን አንድ ጎል ገባ፤ ያገባው ኤጄታ ነው። አንድም ሰው አልጮኸም፤ አንድም ሰው አልዞረም። እዚያ ላይ ሲደርስ ልቡ ሁልጊዜ ያችን ጎል ዘልሎ ወደ ማታው ይሄዳል፣ ግራዝማች እጁን ወደጨበጡት፣ ጎረምሶቹ በመኪናው ተጭነው ወደተመለሱበት፣ የአዲስ ዓለሞችም ልብሳቸውን ሳይቀይሩ ወደሄዱበት። አድማው በዚያው ተሰበረ። አሥሩም ተባረሩ። ዓብዲሳ ወደ ጌዶ ሄዶ ከብት ጫኝ ሆነ፤ በ1970 ከገበያ መሃል ወሰዱትና ወጥቶ ቀረ፤ መቃብሩን የሚያውቅ የለም። ጉዩ አለ። አንድ እግሩ አጥሮ፣ የትምህርት ቤት ዘበኛ ሆኖ አለ። የኤጄታ እህት ዱሬቲ በስልክ ባገኛት ቁጥር በመጨረሻ ላይ፣ «ጉዩ ሰላም ብሎሃል» ትለዋለች፤ ሁልጊዜ፤ ከዚያ በቀር ምንም አይልም ሰውየው። ሰላም ብቻ። ኤጄታ ያችን ሰላም ከስድብ ይልቅ ይፈራታል።

ሌስተር ያለው እሑድ መጣ። አልሄድም ብሎ ተነሳ፣ አልሄድም እያለ ጫማውን አሰረ፣ አውቶቡሱ ውስጥም አልሄድም እያለ ነበር። ደጋፊ የሚሉት ፍጡር እንዲህ ነው። በስታዲየሙ በር ላይ አድመኞቹ ሰሌዳ ይዘው ይዞራሉ፤ የሚወደው ሯጭ መሃላቸው ነው፣ ያለ ብረት ቆቡ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን አየው፤ ፀጉሩ መሸሽ የጀመረ፣ ዓይኖቹ የደከሙ፣ ተራ ሰው። ኤጄታ ሲያልፍ ሰውየው ሰሌዳውን ዝቅ አድርጎ፣ «ወንድሜ፣ ዛሬ አትግባ» አለው። አልጮኸም፤ ልመናም አልነበረም። ኤጄታ ራሱን ነቀነቀ፤ እሺ ማለቱ ነበር፤ እግሩ ግን ገባ።

ውስጥ ሰው የለም። አለ፣ ግን ያንን ያህል ነገር ውስጥ ጥቂት ሺህ ሰው የለም ማለት ነው። ቲኬቱን አሳይቶ ወንበሩን ሲፈልግ ሠራተኛው ሳቀበት፤ «የፈለግክበት ተቀመጥ፣ ሁሉም ያንተ ነው» አለው። ተቀመጠ። ማይክራፎኑ የተጫዋቾቹን ስም ሲጠራ ከማዶ ግድግዳ ተመልሶ ሌላ ሰው እንደሚጠራቸው ሁሉ ደግሞ ይሰማል፤ የሚወጡት ግን የማይታወቁ ናቸው። የሯጩ ልብስ ወጣ። ቁጥሩ ያው፣ ቀለሙ ያው፣ ቆቡ ያው፣ ውስጡ ያለው ሌላ፤ ልብሱ ሰውየውን ውጭ ትቶት ለብቻው የመጣ መሰለው፣ ይሮጣል፣ ሲወድቅ ግን የሰው እጅ ይዞ ይነሳል። በሰማንያ ሺህ ሰው ጩኸት ውስጥ ተሰምተው የማያውቁ ነገሮች ይሰማሉ፤ ትንፋሽ፣ የአጥንት ግጭት፣ አንዱ ሌላውን ስሙን ስለማያውቅ «አንተ! አንተ!» ሲል። ኤጄታ ቀና ብሎ ማዶውን አየ። ባዶ ወንበሮቹ መቀመጫቸው ወደ ላይ ታጥፎ፣ ረድፍ በረድፍ፣ እስከ ሰማይ ድረስ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመዋል። ወንበር ናቸው አለ ለራሱ። ወንበር ናቸው። በስተግራ ዞረ፣ በስተቀኝ ዞረ፤ እዚያም ጀርባ ነው። ብብቱ ሥር የሌላ ሰው ጨው ከነከነው። ተነስቶ ወጣ፤ ሯጩ በሩ ላይ አልነበረም፤ ቢኖርም ምን ሊለው ኖሯል።

ማታ ሥራ ሲገባ ሌስተር አንሶላ እያጠፈ ነው። ኤጄታ ጫፉን ሳይዝ ቆመና፣ «ገባሁ» አለው። ሌስተር ማጠፉን ቀጠለ። ያኔ ኤጄታ በዚያች ግማሽ በሆነች እንግሊዝኛው ሁሉንም ዘረገፈው፤ አምቦን፣ ግራዝማችን፣ ዓብዲሳን፣ የጉዩን እግር፣ ጀርባውን፤ ቃል ሲጠፋበት በኦሮምኛ እየሞላ፤ ሽማግሌውም የገባውም ያልገባውም ላይ ራሱን እየነቀነቀ ሰማው። ሲጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።

«እግሩ የተሰበረው ሰው በሕይወት አለ?»

«አለ።»

«ታዲያ ለእኔ ለምን ትነግረኛለህ?»

ሰኞ ማለዳ፣ የሥራ ልብሱን ሳያወልቅ፣ አምቦ ደወለ። እዚያ ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ነው። ስልክ ያለው ኦቦ ሌታ ሱቅ ውስጥ ነው፤ አንድ ሰው አንስቶ አንድ ሰው ላከ፣ መስመሩ ይንሾካሾካል፣ ከሹክሹክታው በስተጀርባ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ትንፋሽ አለ፤ በዚያ ዘመን የሰላይ ትንፋሽ የሌለበት መስመር የለም፤ ቆይቶ ዱሬቲ እያለከለከች መጣች።

«ምነው? ምን ሆንክ? ሰኞ ደውለህ አታውቅ!»

«ደህና ነኝ። ጉዩን ጥሪልኝ።»

ስልኩን አስቀምጣ ልትጠራው ሄደች። ትምህርት ቤቱ ከሱቁ ፊት ለፊት ነው፤ ቢሆንም አንድ እግሩ ላጠረ ሰው መንገድ ነው፣ ኤጄታ የጉዩን ዱላ ድምፅ የሰማ መሰለው፣ መሬት ላይ፣ ዱብ፣ ከዚያ ሲጎተት፣ ዱብ፤ ምናልባት የመስመሩ ድምፅ ነው። ከዚያ ስልኩ ተነሳ።

«አካም ጅርታ፣ ኤጄታ።» ድምፁ አርጅቷል።

«ደህና ነኝ ኦቦ ጉዩ። እርስዎስ?»

«አለሁ። ባለቤቴ ሲንቄም ደህና ናት። ምን አስደወለህ?»

ሌሊቱን ሙሉ ያዘጋጀው የይቅርታ ቃል ነበረ፤ አንዱም አልመጣም። «ያን ቀን…» አለና ቆመ።

ጉዩ አልጠየቀውም የትኛውን ቀን እንደሆነ። «ያን ቀን እኔ አልጋ ላይ ነበርኩ» አለ። «ቤቴ ከሜዳው አጠገብ እንደነበር ታውቃለህ። እሑድ እሑድ ጩኸቱ ግድግዳውን ያነቃንቀው ነበር። ያን ቀን ጆሮዬን ብሰጥ፣ ብሰጥ፣ ምንም። ሲንቄን፣ አልተጫወቱም፣ ለእኔ ብለው ጨዋታውን ተዉት አልኳት። ደስታዬ! ከታመምኩ ወዲህ ያን ቀን ነው ምግብ የበላሁት። ሲመሽ ዓብዲሳ መጣና፣ ተጫውተዋል፣ ሕዝቡ ጀርባ ሰጥቶ ነው አለኝ። አንድ ለባዶ፣ ያገባው ኤጄታ ነው ሲባል ሰማሁ አለኝ።»

«ኦቦ ጉዩ፣ እኔ…»

«ቆይ። ምን እንዳልኩት ታውቃለህ? እንዴት አገባው አልኩት። እግሬ ተሰብሮ፣ እንጀራዬ ተቆርጦ፣ እንዴት አገባው እላለሁ! ዓብዲሳ ተናዶ ወጣ። ከዚያ የጠየቅኩት ሁሉ ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር ይለኛል። ከእኔ ጋር የቆመ ሰው አንድም አላየም። ያየኸው አንተ ነህ። አሥራ ሦስት ዓመት ሰላም የምልህ ትነግረኛለህ ብዬ ነው። እንዴት ገባች?»

ኤጄታ ግንባሩን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። ያችን ጎል ለማንም ተናግሯት አያውቅም፤ ለራሱም። «ኳሷ በግራ በኩል መጣችልኝ» አለ፣ «ተከላካዮቹ ቆሙ፣ አልተከተሉኝም። ብቻዬን ነበርኩ። በረኛው…»

«በረኛውን አውቀዋለሁ። ረጅሙ፣ የፊት ጥርሱ የወለቀው። ወጣብህ?»

«አልወጣም። ከበሩ ወጥቶ እንጨቱን ተደግፎ፣ እጁን አጣምሮ ቆመ። በሩን ለቀቀልኝ። ባዶ በር ላይ ነው ያገባሁት ኦቦ ጉዩ። ከዚያች ሌላ አግብቼ ስለማላውቅ፣ ባዶ ነበረ ማለት አፍሬ… ለማንም አልነገርኩም።»



«እና በረኛው ዝም አለህ?» አለ ጉዩ ቀስ ብሎ።

«ዝም አላለም። አጠገቡ ስደርስ፣ ኳሷ እግሬ ላይ እያለች፣ ዓይኔን አየና አንድ ነገር ጠየቀኝ።»

«ምን አለህ?»

«ጉዩ እግሩ እንዴት ሆነ? አለኝ።»

ከሱቁ ውስጥ የሚዛን ድንጋይ ሲቀመጥ ተሰማ። ከዚያ የጉዩ ድምፅ ሲመጣ ወደ ስልኩ አልነበረም፤ ስልኩን ባንኮኒው ላይ አስቀምጦት፣ ወደ ሱቁ ዞሮ ነበር የሚናገረው፣ በኦሮምኛ፣ እየጮኸ፤ «ሰማችሁ? የአዲስ ዓለሙ በረኛ በሩን ለቆ ነበር! ጎል ሊገባበት ቆሞ ስለ እኔ እግር ጠይቆ ነበር!» ኦቦ ሌታ፣ ማን ነው? አሉ፤ ዱሬቲ ሳቀች፤ የማያውቀው ሌላ ሰው፣ መቼ? አለ፤ ጉዩም ከመጀመሪያው ጀመረላቸው፣ ኳሷ በግራ በኩል መጣች፣ ተከላካዮቹ ቆሙ እያለ፣ እንዳየ ሰው፣ ወሬው እየሰፋ፣ ድምፁ እየወጣ፣ ዱላው ወለሉን እየመታ። ኤጄታን የተቀየመው የለም፣ ይቅር ያለውም የለም፣ መስመሩ ላይ መኖሩን ያስታወሰ አልነበረም። እሱም አልተጣራም፤ በዚያ በቀዝቃዛ አገር ማለዳ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ አጥብቆ ይዞ፣ ትንፋሹን እንኳ እንዳይሰሙበት ዋጥ አድርጎ፣ ጉዩ እስኪጨርስ ያዳምጥ ነበር።